በመናገሻ ሱባ ደን የዱር እንስሳት ዱካ ፍለጋ

የዱካ ፍለጋ በአስጎብኚ መሪነት ደን ውስጥ በእግር እየተጓዙ የዱር እንስሳት ትተውት ያለፉትን ምልክት ማየትና መለየት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለዚህ ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ በሰበታ አቅራቢያ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ነብር፣ ጅብና ጃርት በአብዛኛው በሌሊት ስለሚንቀሳቀሱ ጎብኚው መኖራቸውን የሚያውቀው ከዱካቸው ነው።

ደኑ

በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የጽድ ዘር ከአንኮበር አካባቢ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል። ከጽድ ሌላ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅሉበታል፤ ወደ ተራራው ጫፍ ደግሞ አስታ ይበዛል።

ዋና ዋና ምልክቶች

* ድኩላ፦ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው የምኒልክ ድኩላ ሰኮናው ለሁለት የተከፈለና ጫፉ ሾጣጣ ነው። የፍየል ዱካ ግን ጫፉ ደነዝ ይላል። የሚዳቋ ዱካ ከድኩላ ያንሳል።
* ነብር፦ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም።
* ጅብ፦ የጥፍሩ ምልክት ይታያል፤ የፊት እግሩም ከኋላው ይተልቃል። አጥንት ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ይነጣል።
* ከርከሮ፦ ሥር ፍለጋ መሬት ይቆፍራል። በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ስለሚመገብ የጉልበቱ ምልክት አፈሩ ላይ ሊቀር ይችላል።
* ጃርት፦ የወደቀ እሾህና የተጋጠ የዛፍ ልጥ ይተዋል።
* ጉሬዛ፦ አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ላይ ስለሚውል መሬት ላይ ዱካው እምብዛም አይገኝም። የሚታወቀው በንጋት ጩኸቱና ከዛፍ ሥር በሚረግፈው ቅጠል ነው።

ዱካን ከዱካ መለየት

ደኑን የእርሻ መሬትና መንደር ስለሚያዋስኑት የቤት እንስሳትና የውሻ ዱካም ያጋጥማል። የውሻን ዱካ የነብር ነው ብሎ መመዝገብ በደኑ ውስጥ ስላሉት አራዊት የተሳሳተ ግምት ያሰጣል። ስለዚህ አንድ ዱካ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የእርምጃው ርቀት፣ ዓይነ ምድሩ፣ የወደቀ ፀጉርና የተበላው ተክል አብረው ይታያሉ።

ጊዜና ጥንቃቄ

ዱካ ጎልቶ የሚታየው በማለዳ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በአግድም ሲወድቅ የዱካው ጠርዝ ጥላ ይሠራል። ቀላል ዝናብ ያራሰው ጭቃ ዱካን በደንብ ይይዛል፣ የክረምት ዶፍ ግን ያጠፋዋል። ጎብኚዎች ዱካውን ሳይረግጡ በጎኑ ይጓዛሉ፣ ዓይነ ምድር በእጅ አይነኩም፣ ትኩስ የነብር ወይም የጅብ ዱካም ተከትለው አይሄዱም።