ድፍድፍ ገዝቶ ጠላ መጥመቅ

ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ አሻሮ መቁላት፣ ቂጣ መጋገር፣ ጋን አጥቦ በወይራ ማጠን፤ ጠላ እንዲህ እንደሚጠመቅ ከእናቶቻችን አይተናል። ጠዋት ሥራ ገብታ ማታ ልጆቿን ለምታበላ እናት ግን ይህን ሁሉ ማሟላት ቀላል አይደለም። በኮንዶሚኒየም ለምትኖረውማ የአሻሮው ጢስ ብቻውን ከጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ ተደፍድፎ የተዘጋጀውን ገዝቶ ውሃ መጨመር ለብዙዎቻችን እፎይታ ሆኗል።

እኔም ለእህቴ ልጅ ክርስትና እንዲሁ አደረግሁ። ድፍድፉን ዘይት በነበረበት ጀሪካን ገለበጥሁ፣ ውሃ ሞላሁበትና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። በሦስተኛው ሌሊት በፍንዳታ ድምፅ ነቃን። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሳይቀር አተላ በአተላ ሆኖ ነበር። በጀሪካኑ ሥር የቀረውም ኮመጠጠ። የክርስትናው ዕለት እንግዶቹን በለስላሳ ሸኘናቸው፤ እህቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

ጥፋቱ የድፍድፉ ሳይሆን የእኔ ነበር። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ከስኳሩ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳል። ክዳኑን ከፍቶ መተውም መፍትሔ አይሆንም፤ አየር ሲገባ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይራባሉ።

መላውን ያገኘሁት እንግሊዞች በቤታቸው ቢራ እንዴት እንደሚጠምቁ ሳነብ ነው። በዚያ አገር ቢራ በቤት ለመጥመቅ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። እነሱም የራሳቸው «ድፍድፍ» አላቸው፤ የብቅል ጭማቂ ሆፕ ከሚባለው መራራ ተክል ጋር ተፈልቶ፣ እንደ ማር ወፍሮ በቆርቆሮ ይሸጣል። በሙቅ ውሃ ያሟሙታል፣ ስኳር ይጨምሩበታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ወደ 23 ሊትር ያደርሱታል፤ እርሾው የሚነሰነሰው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ትኩስ ውሃ እርሾን ይገድላልና። ከክዳኑ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ቧንቧ ይሰካሉ። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም።

ይህን ለጠላ ለመጠቀም ብዙ ወጪ የለውም። ለምግብ ተብሎ የተሠራ ባልዲ ወይም ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። (ይህን ባለቤቴ ሠርቶታል፤ ጠላውን የሚጠጣው እሱም ነውና።) ክዳኑን በስቶ ቀጭን ጎማ ማስገባት፣ ዙሪያውን መድፈን፣ የጎማውንም ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ መንከር ይበቃል። ድፍድፉ ላይ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ዕቃውን እስከ አፉ አይሙሉት፤ አረፋ ይነሣል።

ጠላ እንደ ቀላል መጠጥ ይቆጠራል። ይሁንና ተራው ጠላ በመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል፣ ፊልተር የሚባለው ደግሞ ከ5 እስከ 6 ያህል አልኮል አለው። ለነፍሰ ጡር «ያበረታሻል»፣ ለሕፃን «ቅራሪ ነው» እየተባለ መሰጠቱ መቅረት አለበት። ለጽንስ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል ልክ አልተገኘም።

ሁለተኛውን ጠላ የጠመቅሁት ለፋሲካ ነበር። ልጆቼ ጠርሙሱ ሲንቦቀቦቅ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። መንቦቅቦቁ ጋብ ሲል፣ በሰባተኛው ቀን አጠለልሁት። ጎረቤቴ እትዬ ቀምሰው ጌሾው በዝቷል አሉኝና ጣሳውን ደግመው ዘረጉልኝ።