የካፖርቱ እንቁራሪትና የካልሲዋ ቀጭኔ

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወር አንድ ምስል አለ። አረንጓዴ እንቁራሪት ወደ ጎን ዞሮ፣ ዓለም ቢገለበጥ ግድ የማይሰጠው መስሎ ሻዩን ፉት ይላል። የሰው ወሬ ከተሰማ በኋላ «እኔ ምን አገባኝ» ለማለት ይላካል። ላኪውን «ይሄ ማን ነው?» ቢሉት «ካርቱን ነዋ!» ይላል።

ስሙ ከርሚት ነው። ያን ሻይ የጠጣው በ2014 ለሊፕተን ማስታወቂያ ሲሠራ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ በ1955 ስለሆነ፣ ምስሉን ከሚልኩት ወጣቶች የብዙዎቹ አያት እኩያ ነው። (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ ማለት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ልጅ የሚያየው ነገር ሁሉ ካርቱን ነው። ቶም እና ጄሪ ካርቱን ነው፣ ሚኪ ማውስም ካርቱን ነው፤ ሁለቱም ሥዕል ስለሆኑ ልክ ነው። የሥዕል ገጸ ባሕርይ ፈጣሪው ቢሞት፣ ሌላ ሠዓሊ የድሮውን ሥዕል ፊቱ ዘርግቶ መስመሩን ይከተላል። ከርሚት ግን ጨርቅ ነው። ሊነኩት ይችላሉ፣ ያረጃል፣ ይታጠባል። ውስጡ ደግሞ የሰው እጅ አለ። ካርቱን ብሎ መጥራት ያንን እጅ እንዳልነበረ መቁጠር ነው።

ልደቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጂም ሄንሰን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት እናቱ የጣሉትን አሮጌ ካፖርት ቆረጠ። አንድ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለሁለት ከፍሎ ዓይን አደረገለት። ዋሽንግተን በሚገኝ ደብሊው አር ሲ በተባለ ጣቢያ «ሳም ኤንድ ፍሬንድስ» የሚል የአምስት ደቂቃ ፕሮግራም ነበረውና እዚያ አሠራው። ሄንሰን ያኔ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከርሚትም ያኔ እንቁራሪት አልነበረም፤ ቀለሙ በሰማያዊና በአረንጓዴ መሃል የሆነ፣ እንሽላሊት የሚመስል፣ ምንነቱ ያልለየለት ፍጡር ነበር። የእንቁራሪት እግርና በአንገቱ ዙሪያ ያለው ባለ ሹል ኮሌታ የመጡት ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮሌታው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ከገላው የተሰፋበትን ቦታ ይሸፍናል።

ለቡና ወዳጆች አንድ ነገር ጣል ይደረግ። ሄንሰን በዚያው ዘመን እንጀራውን ያበሰለው ዊልኪንስ ለተባለ ቡና በሠራቸው አጫጭር ማስታወቂያዎች ነው። ሁለት አሻንጉሊቶች ይቀርባሉ፤ አንዱ ቡናውን ያወድሳል፣ ሌላው «አልጠጣም» ይላል። እንቢ ያለው በመድፍ ይመታል፣ ወይም አንድ ከባድ ነገር ይወድቅበታል። ቡና አልጠጣም ያለ እንግዳ የገጠማት የቤት እመቤት ብታየው ሙሉ በሙሉ የምትስማማበት ማስታወቂያ ነው።

የቀረው ታሪክ በየቦታው ስለሚገኝ ማስረዘም አያሻም። በ1969 የሄንሰን አሻንጉሊቶች የሚሠሩበት ሰሳሚ ስትሪት የተባለ የልጆች ፕሮግራም ተጀመረ። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች አንፈልግም ያሉት፣ ማፔቶች የሚባሉት የሄንሰን አሻንጉሊቶች የሚቀርቡበት ማፔት ሾው እንግሊዝ አገር እየተቀረጸ ከ1976 እስከ 1981 በ120 ክፍሎች ዓለምን አዳረሰ። ሄንሰን በግንቦት 1990 በ53 ዓመቱ አረፈ። ዲዝኒ እነ ከርሚትን በ2004 ገዛ፤ የሰሳሚ ስትሪት ገጸ ባሕርያት ግን ከሌላ ድርጅት ጋር ናቸው።

አሁን ወደ እጁ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት በዓል ላይ የአሻንጉሊት ትርኢት አይቶ ነበር። አሻንጉሊቱ ውድ ነው፣ ድምፅ ማጉያውም ጥሩ ነው። ነገር ግን አሻንጉሊቱ በተናገረ ቁጥር የጭንቅላቱ የላይኛው ግማሽ እንደ ድስት ክዳን ብድግ ቁጭ ይላል። ሰላምታው ሳያልቅ ፊት ያሉት ልጆች ወደ ፊኛዎቹ ዞሩ። አዘጋጆቹ «የዘንድሮ ልጅ አሻንጉሊት አይወድም፣ ስልክ ለምዷል» እያሉ አጉረመረሙ።

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። አንባቢ አሁኑኑ መዳፉን አገጩ ሥር አድርጎ «አበባ» ይበል። የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ ግንባር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ እጁን አሻንጉሊት ውስጥ የከተተ ሰው አራቱን ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ ይዞ አውራ ጣቱን ብቻ ዝቅ ማድረግ አለበት። ለመስማት ቀላል ነው፤ እጅ ግን በተፈጥሮው ተቃራኒውን ይፈልጋል። አራቱ ጣቶች ሲነሡ አሻንጉሊቱ በየቃሉ ወደ ሰማይ ያያል። ወደ ሰማይ የሚያይ አሻንጉሊት ደግሞ ከልጁ ጋር አይነጋገርም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፍ ምት ነው። አፉ ለእያንዳንዱ ቃል ሳይሆን ለእያንዳንዱ የድምፅ ክፍል መከፈት አለበት። በዚህ በኩል አማርኛ ተናጋሪ ታድሏል፤ ፊደሉ ራሱ መምህር ነው። «አበባ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት መክፈት። «ሰላም» ሲባል አፉ ሁለቴ ተከፍቶ በሳድሱ «ም» ይዘጋል። ስፋቱንም ፊደል ገበታው ይነግራል፦ «ባ» ሲሆን አውራ ጣት እስከ መጨረሻው ይወርዳል፣ «ቡ» ሲሆን ጠበብ ይላል። ሀ ሁ ሂ ሃ ያጠና ሰው ሳያውቀው የአሻንጉሊት ትምህርት ግማሹን ጨርሷል። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ቃሉ ሲወጣ አፉን ይዘጋል፣ ቃሉ ሲያልቅ ይከፍታል። ያኔ አሻንጉሊቱ የሚናገር ሳይሆን ዝንብ የሚይዝ ይመስላል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ከሄንሰን ጋር የሠራው ዶን ሳሊን የተባለ ባለሙያ አሻንጉሊት ሰፍቶ ሲጨርስ መጨረሻ የሚያስቀምጠው ብሌኑን ነበር። ሁለቱ ብሌኖች ከአፍንጫው ጋር ሦስት ማዕዘን ሠርተው ጥቂት ወደ ውስጥ ካዘነበሉ አሻንጉሊቱ የሆነ ነገር ላይ ዓይኑን የጣለ ይመስላል። ትንሽ ወደ ውጭ ካፈነገጡ ይፈዛል። ልዩነቱ በጣም ጥቂት ነው፤ ሕይወት የሚመጣውም የሚሄደውም በዚያች ጥቂት ልዩነት ነው።

ከርሚትን ከሌሎቹ የሚለየው ደግሞ ጭንቅላቱ ባዶ መሆኑ ነው፤ ስድብ አይደለም። የብዙዎቹ አሻንጉሊቶች ጭንቅላት ጠንከር ባለ ስፖንጅ ተሞልቷል። የከርሚት ፊት ግን ስስ ጨርቅ ስለሆነ የእጁ ቅርጽ በቀጥታ ይወጣበታል። ጣቶቹ ሲጨመደዱ ፊቱ ይኮማተራል፣ ጡጫ ሲጠብቅ ይናደዳል፣ አንጓው ሲላላ ያዝናል። የከርሚት ፊት ማለት ውስጡ ያለው ሰው ጡጫ ነው። ሰውየው ሲለወጥ ፊቱም ይለወጣል፤ የድሮ ወዳጆቹም ወዲያው ያውቁበታል።

ሄንሰን ያመጣው ሌላው ለውጥ መድረኩን ማንሣቱ ነው። ከእሱ በፊት አብዛኞቹ የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች የሚታዩት ከትንሽ የእንጨት መድረክ ኋላ ነበር። እሱ የቴሌቪዥኑን አራት ማዕዘን ራሱን መድረክ አደረገው። አንቀሳቃሹ ከካሜራው እይታ በታች ሆኖ እጁን ከራሱ በላይ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ግን የሚተክለው መሬት ላይ በተቀመጠ ስክሪን ላይ ነው። ስክሪኑ እንደ መስታወት አይገለብጥም፤ አሻንጉሊቱን ወደ ግራ ሲወስድ ምስሉ ወደ ቀኝ የሚሄድ ይመስለዋል። በ1979 በወጣው የማፔቶች ፊልም መክፈቻ ላይ ከርሚት ረግረግ መሃል ግንድ ላይ ተቀምጦ ባንጆ ይጫወታል። ሄንሰን ያኔ ውኃው ሥር፣ በብረት ታንክ ውስጥ ተጨምድዶ፣ አየር በቱቦ እየተላከለት ነበር።

እንግዲህ ሄንሰን ሲሞት ጥያቄው ይህ ነበር፦ ያንን ጡጫ ማን ይተካዋል? ስቲቭ ዊትማየር የሚባል ባልደረባው ተረከበና ከ1990 እስከ 2016 ያዘው። ከ2017 ወዲህ ማት ቮግል ይዞታል። ይኸው ሰው በሰሳሚ ስትሪት ላይ ያለውን ቢግ በርድንም ያንቀሳቅሳል። ቢግ በርድ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ ቢጫ ወፍ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ቀኝ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ይሸከማል፣ ደረቱ ላይ በታሰረች ትንሽ ስክሪን ውጭውን ያያል። ካሮል ስፒኒ ይህን ከ1969 ጀምሮ ሠርቶ በ2018 ሲሰናበት 84 ዓመቱ ነበር። ቮግል ከእሱ ሥር ሃያ ዓመት ያህል በተተኪነት ቆይቷል። ዲያቆን ቅዳሴ ከመምህሩ ሥር ቆሞ እንደሚማር ያለ ነው፤ በሥዕል ወይም በመመሪያ መጽሐፍ አይተላለፍም።

ይህ ትዕግሥት የጎደላቸው አዘጋጆች የቆየ ገጸ ባሕርይን ለአዲስ ትውልድ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ስልክ ማስያዝ፣ ቀጥሎ አመሉን መለወጥ ነው። በ2015 ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ማፔቶችን እንደ ዘመናዊ የቢሮ ድራማ አቀረባቸው፦ ከርሚት ከአሳማዋ ፍቅረኛው ከሚስ ፒጊ ተለያይቶ ሌላ ወዳጅ ይዟል፣ ሁሉም በሥራው ተሰላችቷል። በ16 ክፍል አበቃ። እጆቹ የሠለጠኑ ነበሩ፤ የጠፋው ከርሚት ነው። ከርሚት ያበደ ቤት ውስጥ ተስፋ ሳይቆርጥ ሁሉን ለማስማማት የሚሮጥ ምስኪን አለቃ ነው። ተስፋውን ከወሰዱበት የሚቀረው ካፖርቱ ብቻ ነው።

በ1992 የወጣውን የማፔቶች የገና ፊልም ከዚህ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ታላቁ ተዋናይ ማይክል ኬን ከእነዚህ ጨርቆች ጋር ሲተውን አንዴ እንኳ ለተመልካች አልጠቀሰም፤ በሼክስፒር መድረክ ላይ ካሉ ተዋንያን ጋር እንደሚሠራ ሁሉ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ሠራ። ፊልሙ ዛሬም ገና በመጣ ቁጥር በየቤቱ ይታያል። የ2011ዱ ፊልም ደግሞ ማርጀታቸውን ሳይደብቅ ተነሣ፤ የተረሱ አሻንጉሊቶች አሮጌ ቲያትራቸውን ለማዳን ተመልሰው ይሰባሰባሉ። ከዘፈኖቹ አንዱ ኦስካር አገኘ። በግንቦት 2025 ደግሞ ከርሚት የሄንሰን ትምህርት ቤት በነበረው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ንግግር አደረገ። ስልክ አልያዘም፤ ያው ባለ ሹል ኮሌታ እንቁራሪት ነበር።

እኛም ዘንድ ከጓዳ የወጣ ልብስ ለዚህ ክብር በቅቷል። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና ከካልሲ ቀጭኔ ሠራች። ቀጭኔዋ ፀሐይ ተባለች፤ ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነው፣ ድምፅዋ የብሩክታዊት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በ2008 ሙኒክ ላይ በሚካሄደው የፕሪ ዠኔስ የሕፃናት ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመ። በኋላም ከአማርኛ ሌላ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተዘጋጀ። የመጀመሪያውን ዓመት በስድስት ዓመቱ ያየ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሷል፤ ፀሐይ ግን ያው ስድስት ዓመቷ ነው።

የአሻንጉሊት ትልቁ ዕድል ይኸው ነው። አባባ ተስፋዬ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ነግረው በ2009 ዓ.ም. ሲያልፉ ወንበራቸውን የሚረከብ አልተገኘም፤ ሰው አይተካምና። ካልሲ ግን ተረካቢ እጅ ካገኘ ይቀጥላል። እጁ ደግሞ ከአሁኑ መሠልጠን አለበት፤ ባለቤቱ ከደከመ በኋላ ማፈላለግ ለቮግል የተሰጠውን ሃያ ዓመት መንፈግ ነው።

የአዘጋጁ የእህት ልጅ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እናቷ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች፣ እጇን እንኳ ሳትደብቅ፣ የግራ እግር ካልሲ አጥልቃ «ማሚቱ፣ ቁርስሽን በላሽ እንዴ?» አለቻት። ልጅቱ እናቷን ቀና ብላ አላየችም። ለካልሲው «እንቁላሉን ትቼዋለሁ፣ ግን ለማሚ እንዳትነግራት» ብላ በሹክሹክታ መለሰች።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ልጅ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ ይሞክረው። አራቱ ጣቶች ቀጥ ይበሉ፣ አውራ ጣት ብቻ ይውረድ፣ ለአንድ ፊደል አንዴ ይከፈት፣ ዓይኑ ልጁን ይይ። ካልሲው መታጠብ አለበት እንጂ አዲስ መሆን የለበትም።