ሁለተኛው ሻወር ሲከፈት ውኃው ለምን ይደክማል?

በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች ውኃ የሚወርደው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ ነው። አንዱ ሻወር ብቻውን ደኅና ይፈስሳል፤ ሁለተኛው ሲከፈት ግን ሁለቱም ይደክማሉ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተለቅ ያለ ሮቶ ለመግዛት እንነሣለን። ይህ ገንዘብ ማባከን ነው፤ 5000 ሊትር ውኃ 5 ቶን መሆኑን ጣሪያው አይረሳውም!

የረጋ ውኃ ግፊት የሚወሰነው በከፍታው እንጂ በብዛቱ አይደለም። የ10 ሜትር ከፍታ 1 የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይሰጣል። በሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ከሻወሩ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል የምናገኘው የዚህን ሲሶ አይሞላም። ከዚህችም ላይ ሰበቃ ይቀንሳል፤ በጋራው ቧንቧ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን በሰበቃ የሚባክነው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በአንጻሩ ፍሰቱ ሳይለወጥ የቧንቧው የውስጥ ዲያሜትር አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ብክነቱ ወደ አንድ ሰባተኛ ገደማ ይወርዳል።

እንግዲህ እንፈትሽ። ሻወሩ ብቻውንም ደካማ ከሆነ ቀዳዳዎቹን እናጽዳ፤ በከፊል የተዘጋ መዝጊያ እንዳለም እንይ። ብቻውን ጠንካራ ሆኖ ከሌላው ጋር ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን ጥፋቱ በጋራው መስመር ላይ ነው፤ አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነማ ዝገቱም አጥብቦታል። ከሮቶው እስከ መለያያው ያለውን ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ በባለ ሦስት አራተኛ ኢንች እንተካው።