ለተማሪዎች የዲጂታል ንባብ መድረክ ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

በሞባይል ስልክና በታብሌት ላይ የልጆች መጻሕፍትን በነጻ የሚያቀርቡ መድረኮች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተበራከቱ መጥተዋል። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደልብ በማይገኝበት ሁኔታ ይህ ለወላጆችና ለመምህራን መልካም አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ መድረክ የሚመረጠው በያዘው መጽሐፍ ብዛት ወይም በስዕሉ ማማር ሳይሆን ልጁን አንባቢ ለማድረግ ባለው ብቃት ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በጥናቱ ከታቀፉት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አመልክቷል። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ንባብ ያልለመደ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ሲዘዋወር የሳይንሱም ሆነ የኅብረተሰብ ትምህርቱ መጽሐፍ ይከብደዋል፤ ከትምህርት ገበታው ሊርቅም ይችላል።

የአማርኛ መጻሕፍትን ከሚያቀርቡ ነጻ መድረኮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካ ሥራ የጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና በ2015 በህንድ ፕራታም ቡክስ የተቋቋመው ስቶሪዊቨር ይገኙበታል። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የተሰኘው መድረክም እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው በአዲስ አበባ ከተማ ነበር። በእነዚህ መድረኮች የሚቀርቡት መጻሕፍት በአብዛኛው በክፍት ፈቃድ የተዘጋጁ በመሆናቸው መምህሩ ምንጩን በመጥቀስ ሊያባዛቸውና ሊተረጉማቸው ይችላል።

በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ቋንቋው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መደንገጉ ይታወሳል። በመሆኑም በሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከያዘ መድረክ ይልቅ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ በጥራት የተዘጋጁ ሃምሳ መጻሕፍት ያሉት ይመረጣል። በርካታዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ እንደመሆናቸው ወላጅ ሁለት ሦስቱን አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ ይጠቅማል። የአዋቂን አንደበት የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ለልጁ የባሰ እንቅፋት ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የንባብ ደረጃ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ መጻሕፍቱን ከመጀመሪያ ቃላት አንስቶ እስከ ረጃጅም አንቀጾች በደረጃ ይከፋፍላል። ስቶሪዊቨር ደግሞ በአራት ደረጃዎች ሲመድብ የመጀመሪያው እስከ 250፣ ሁለተኛው እስከ 600 ቃላት ያሉትን ታሪኮች ያካትታል። ነገር ግን የቃላት ቁጥር ብቻውን ለአማርኛ በቂ መለኪያ አይደለም። “አልመጣችም” የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አራት ቃላት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቃላቱ ጥቂት የሆኑ የአማርኛ ገጽ ለጀማሪ ከባድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ልጁ 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ቅርጽ፣ በድምሩ 231 ሆሄያትን መለየት ይጠበቅበታል። ደረጃው ተስማሚ መሆኑን ለማወቅ በልዩ ልዩ አገሮች መምህራን የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ይኸውም ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን አሰምቶ ሲያነብ አምስት ያህል ቃላት ካስቸገሩት ወደ ቀለለ መጽሐፍ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ንባብ መኖሩ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። “ገና” የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። በመሆኑም ቋንቋውን አጥርቶ በሚናገር ሰው የተቀዳ ንባብ ያለው መድረክ ተመራጭ ሲሆን፣ በተለይ በውጭ አገር ተወልደው አማርኛን በቤት ውስጥ ብቻ ለሚሰሙ ልጆች ጠቀሜታው የጎላ ነው።

የአጠቃቀም ሁኔታም ሊዘነጋ አይገባም። የኢንተርኔት አገልግሎት በሚቆራረጥበት አካባቢ መጻሕፍቱን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ግንኙነት ማንበብ የሚያስችል መድረክ ያስፈልጋል። ገጾቹ በፎቶግራፍ መልክ ብቻ የተቀመጡ ከሆነ በትንሽ ስልክ ላይ ፊደሉን በሚፈለገው መጠን አጉልቶ ማንበብ ያዳግታል። የሚታተም ቅጂ ያለው መድረክ ደግሞ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማተሚያ የአንድን ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ ማስታወቂያ የሚያሳይ፣ ልጁን ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ወይም ስም፣ ዕድሜና አድራሻ የሚጠይቅ መድረክ ጥንቃቄ ያሻዋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን ያወጣች ሲሆን፣ የልጅን መረጃ የመጠበቁ ሥራ ግን ከቤት ይጀምራል። ምዝገባ ማካሄድ የግድ ከሆነም በወላጅ ወይም በመምህር ስም ቢደረግ ይበጃል።

መሣሪያው ብቻውን ግን ልጅን አንባቢ አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በኦሮሚያ ክልል ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው ሁለት የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች ታብሌቶችን አድሎ ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ መሣሪያውን ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝፈን ለመጀመር ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ይሁንና ፊደልን በቃል መዝለቅና አንብቦ መረዳት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው እንዲሳካ ከልጁ ጎን ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ “ከዚያስ ምን ሆነ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለሆነም ወላጆችና መምህራን መድረክ ከመምረጣቸው በፊት ጥቂት መጻሕፍትን ከልጁ ጋር ሊሞክሩ፣ ከመረጡም በኋላ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አብረውት ሊያነቡ ይገባል። የመድረኩ ትክክለኛ መመዘኛም ልጁ አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ሌላ እንዲከፈትለት መጠየቁ ነው።