እውነት ወይስ ተረት? ከጌሙ በፊት የሚነበበው ቁጥር

በ2006 ዓ.ም ለእህቴ ልጅ ፒያሳ ያገለገለ ፒኤስፒ፣ የሶኒን የእጅ ጌም መጫወቻ፣ ገዛሁለት። ሱቁ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ ላይ ነበር። ሻጩ ከሚሞሪው ላይ ሁለት ሦስት ጌም ከፍቶ አሳየኝ፤ ሁሉም ሠሩ። ብሩን ቆጥሬ ስሰጠው «ወንድሜ፣ ብቻ እንዳታጠፋው» አለኝ። እንዳታበላሸው ያለኝ መስሎኝ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ልጁ ሲጫወት አምሽቶ ባትሪው አለቀ። በማግስቱ ቻርጅ አድርገን ስናበራው ከጌሞቹ አንዱም አልከፈት አለ። በንዴት ተመልሼ ሰው እየሰማ ጮኽኩበት። «አልተበላሸም» ቢለኝ አላዳመጥኩትም፤ ብሬን አስመልሼ ሄድኩ።

የተጣላንበት ጉዳይ እዚያው ስክሪኑ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር። የት እንደሚታይ ግን አላውቅም ነበር።

ያ መስመር የፈርምዌሩ ቁጥር ነው። ፈርምዌር ማንኛውም ጌም ከመከፈቱ በፊት መሣሪያውን የሚያነቃው፣ ስክሪኑንና ቁልፎቹን የሚያዘው፣ በውስጥ ፍላሽ ሚሞሪ ላይ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ሶኒ «ሲስተም ሶፍትዌር» ይለዋል። ፒኤስፒ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ሲገቡ ይታያል። ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ደግሞ ሲስተም ሴቲንግስ ከፍቶ እስከ ታች «ሲስተም» ወደሚለው መውረድ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ካራቱን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው አላየሁም፤ ከወርቅ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ግን በካርቶኑና በሻጩ ቃል ብቻ መሣሪያ ይገዛል። ካርቶኑ ቢናገር እንኳ የሚናገረው ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስንት እጅ እንደነካው አያውቅም።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕቃው አዲስ ነው።»

ተረት። ፒኤስፒ በዲሴምበር 2004 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲወጣ ፈርምዌሩ 1.00 ነበር። የመጨረሻው 6.61 የወጣው በጃንዋሪ 2015 ነው፤ ጣይቱ ሆቴል በእሳት የተጎዳው በዚያው ወር ስለሆነ የፒያሳ ሰው ጊዜውን አይረሳውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የተገዛ ወፍራሙ ፒኤስፒ-1000 ዛሬ 6.61 ሊያሳይ ይችላል፤ ከሁሉም በኋላ የመጣው ፒኤስፒ-ኢ1000ም እንዲሁ። ቁጥሩ የሚነግረን ፕሮግራሙ እስከ የት እንደታደሰ ነው። የዕቃው ዕድሜ የሚታወቀው ሰውነቱ ላይ ከተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው። አነባበቡም ቢሆን በመጀመሪያው አሃዝ ብቻ አይደለም፤ ከግራ ጀምሮ በነጥብ በነጥብ ተለይቶ ይነጻጸራል። የስዊቹ 10.0.0 ከ9.2.0 በኋላ የመጣ ነው፤ 9.2ን አይቶ «ይኼ ይበልጣል» ያለኝ ሰው አጋጥሞኛል።

«ሪሴት ካደረግከው ወደ ድሮው ይመለሳል።»

ይህም ተረት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚያምነው ደግሞ ያሳስበኛል። ሪሴት ቋንቋውን፣ ሰዓቱን፣ የሰየምነውን ስም ነው ወደ መነሻው የሚመልሰው። ፈርምዌሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስዊች ላይ ነገሩ እስከ ቺፑ ድረስ ይዘልቃል፤ ቴግራ ኤክስ1 በተባለው ቺፕ ውስጥ ጥቃቅን ፊውዞች አሉ፣ አንዳንድ አፕዴቶች ሲጫኑ ከነዚያ አንዱ ይቃጠላል። የተቃጠለ ፊውዝ አይጠገንም። መሣሪያው ሲነሳ ይቆጥራቸዋል፤ ያለው ፕሮግራም ከሚጠብቀው በላይ ተቃጥለው ካገኘ አልነሳም ይላል። ፒኤስፒን ወደ ኋላ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ግን ሶኒ የሠራቸው አይደሉም፣ ስንቱን መሣሪያም ገድለዋል።

«አፕዴት ካደረግኩት የደረስኩበት ይጠፋል» የሚሉ ልጆችም አሉ። አይጠፋም። ፒኤስፒ ሴቭ የሚያደርገው ሚሞሪ ስቲኩ ላይ ነው፣ ፈርምዌሩ ያለው ሌላ ቦታ። የሚያጠፋው ፎርማት ነው።

«ያለ ኢንተርኔት አይታደስም» የሚለውም ልክ አይደለም። የፒኤስፒ ዲስኮችም የስዊች ካርዶችም ለጌሙ የሚያስፈልገውን አፕዴት ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ፒኤስፒ-ኢ1000 ጭራሽ ዋይፋይ የለውም። በኮምፒዩተር ሲሆን ፋይሉ ሚሞሪው ላይ ፒኤስፒ በሚለው ፎልደር፣ በውስጡ ጌም፣ በውስጡ አፕዴት በሚል ፎልደር ይገባል። ለፒኤስፒ ጎ የሚሆነው ፋይል ግን የተለየ መሆኑን አትርሱ።

«አፕዴት ላይ እያለ መብራት ከሄደ አለቀለት።»

ባትሪው ካልያዘው እውነት ነው። አራዳ የሚኖር ሰው ልብ ይበለው። አፕዴት የድሮውን አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል፤ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የድሮውም የለም፣ አዲሱም አልሞላም። መሣሪያው ከዚያ በኋላ አይነሳም። ፒኤስፒ ለዚህ ሲባል ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ቻርጀሩ እንዲሰካ፣ ባትሪውም እንዲሞላ። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መብራቱ ቢሄድ ሥራውን ይጨርሳል። ችግሩ ያገለገለው ዕቃ ላይ ነው፤ ባትሪው አብጦ ወይም ወጥቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ፒኤስፒ ለጨዋታ ይበቃል፣ ለአፕዴት ግን እሺ አይልም። ስለዚህ ሲገዙ የኋላ ክዳኑን ይክፈቱና ባትሪውን በጣትዎ ይዳብሱት።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አይዋሽም።»

ግማሹ እውነት። እኔንና ሻጩን ያጣላንም ይኸው ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ 6.60 ብሎ «ፕሮ» ወይም 6.61 ብሎ «ኤምኢ» ካከለ፣ የሶኒ ፈርምዌር በሌላ ሰው እጅ ተሻሽሏል ማለት ነው። ሌላ ቁጥር አስመስለው የሚያሳዩም ነበሩ። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ የተሻሻለው ፍላሹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ዘመን በፒኤስፒ-3000 ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጊዜያዊው ሚሞሪ ላይ ብቻ ነበር የሚያድረው። የማብሪያውን ቁልፍ ገፋ አድርገው ሲለቁት መሣሪያው ያንቀላፋል፣ ምንም አይጠፋም። ገፍተው ጥቂት ሰከንድ ከያዙት፣ ወይም ባትሪው ጨርሶ ካለቀ፣ ሲነሳ ተራ 6.60 ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ከሚሞሪ ይከፈቱ የነበሩት ጌሞችም እንቢ ይላሉ። የተሻሻለውን ለመመለስ «ፋስት ሪከቨሪ» የምትባለውን ፕሮግራም ከጌም ዝርዝሩ አንድ ጊዜ ማስነሳት በቂ ነበር።

ስለዚህ ብሩ ከእጅዎ ሳይወጣ ሻጩን «ጨርሰህ አጥፋና አብራልኝ» ይበሉት። ከማጥፋቱ በፊት ያለውን ቁጥር ያንብቡ፣ ከበራ በኋላ ያለውንም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ አድጎ ጌሙን ከተወው ወዲያ ነው። ሱቁ የነበረበት ሰፈር በ2016 ዓ.ም ፈርሷል። ሻጩ ወዴት እንደሄደ በዚያ መስመር ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን ጠየቅኩ፣ የሚያውቅ አላገኘሁም። «አልተበላሸም» ያለኝ እውነቱን ነበር።