ወመህ፤ በመዋጮ ብቻ የሚታወቀው ኮሚቴ

ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የምትለዋን ያውቃታል። አርፍዶ የተያዘ፣ መስኮት የሰበረ፣ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ይህችን ሲሰማ በልቡ የሚያሰላው ማን ወላጅ ሆኖ እንደሚቆምለት ነው። በአዊ ብሔረሰብ ዞኗ ከተማ በእንጅባራ ደግሞ መላው አይጠፋም። ከባንጃም ከአንከሻም ገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ትክክለኛው ወላጅ የሚገኘው ለገበያ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ሁለተኛ አይለምደውም» የሚለው አከራይ ይሆናል፣ የአጎት ልጅ ይሆናል፤ ሻይ የተጋበዘ መንገደኛም ሊሆን ይችላል።

ወላጁም በበኩሉ ለምዷል። ከትምህርት ቤት ሲደወልለት ወይ ልጁ አጥፍቷል፣ ወይ መዋጮ አለ። ወመህ የሚባለውን ስም የሚሰማውም በመዋጮው በኩል ነው፤ «ወመህ ወስኗል፤ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብር» ይባላል፣ ይከፈላል፣ ያልቃል። ማን መረጠው፣ ምን ሥልጣን አለው፣ ሒሳቡንስ ለማን ያወራርዳል የሚል ጠያቂ ጥቂት ነው። እንደኔ እምነት ግን ወላጆች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ከሚያነሱት ቅሬታ ብዙው በዚህ ኮሚቴ በኩል መልስ ማግኘት የሚችል ነበር።

ወመህ የወላጅና የመምህር ህብረት ነው። ተማሪዎች ከተጨመሩበት ወዲህ ወተመህ የሚሉትም አሉ፤ የአፍ ልማዱ ግን አልተቀየረም። በወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ የተመረጡ ወላጆችና የመምህራን ተወካዮች ይቀመጡበታል፤ የሚሰበስበው ወላጅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ኮሚቴ ከቀትሥቦ፣ ማለትም ከቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ጋር ያምታታዋል። ቦርዱ የቀበሌው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው የቀበሌው አስተዳዳሪ ሲሆን በቀበሌው ያሉትን ትምህርት ቤቶች በአንድነት ያያል። ወመህ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። የወላጅ ድምፅ ከቦርዱ ይልቅ እዚህ ይሰማል፤ ቢያንስ ሊሰማ ይገባው ነበር።

ወላጅ በትምህርት ጉዳይ ይናገር የተባለው ትናንት አይደለም። በ1966 ዓ.ም የካቲት መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነበር። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ያሰበ ስለነበር፣ የድኃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ሊደረግ ነው የሚል ስጋት በወላጆች ዘንድ ተነዛ። መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ከማዋል ቢታቀብም ነገሩ በዚያ አልበረደም፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመስከረም 1967 ከዙፋናቸው ወረዱ። በደርግ ጊዜ የትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴ መጣ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አስተዳደሩ ወደ ታች ይውረድ፣ ኅብረተሰቡ ይሳተፍ አለ። ይህ ሐሳብ ዝርዝር ያገኘው በነሐሴ 1994 ዓ.ም ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ ባወጣው መመሪያ ነው። በሽፋኑ ቀለም «ሰማያዊው መጽሐፍ» ይሉታል፤ ወመህ ዛሬ በያዘው መልክ የቆመው በዚህ መመሪያ ነው። የተማሪን ሥነ ምግባር ከመከታተል ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ዕቅድና በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ እስከ መምከር ድረስ ሥራ ተሰጥቶታል።

ገንዘቡ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ወላጅና ትምህርት ቤት የሚካሰሱት እዚህ ላይ ነውና።

ከተማው ወይም ወረዳው ለትምህርት ከሚመድበው በጀት አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዙ በርዕሰ መምህሩ እጅ አያልፍም። ጠመኔ፣ የተሰበረ ዴስክ መጠገኛ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የመጸዳጃ ቤት በር በሌላ ገንዘብ ነው የሚገዛው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል «ስኩል ግራንት» የሚባለው የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ። ድጎማው የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ሲጀመር ለታችኞቹ ክፍሎች በአንድ ተማሪ 50 ብር ነበር። 1,200 ልጆች ላሉት ትምህርት ቤት 60,000 ብር ማለት ነው። ተመኑ ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል፤ ስሌቱ ግን ለወላጅ አንድ ነገር ያስተምረዋል። በመስከረም መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የተማሪ ቁጥር የቢሮ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ገንዘቡንም ይገምታል።

ከዚህ ሌላ የውስጥ ገቢ አለ። ሰፊ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት ሣር ይሸጣል፣ ባሕር ዛፍ ያስቆርጣል፣ የሻይ ቤት ቦታ ያከራያል። የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ሳይቀር ከዚህ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። የሣሩ ጨረታ መቼ ወጣ፣ ማን አሸነፈ፣ በስንት? ሲጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእኔ ግምት ስለ ትምህርት ጥራት በጥቅሉ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ይልቅ ይህች ጥያቄ ብዙ ነገር ታስተካክላለች።

መጨረሻ ላይ መዋጮው ይመጣል። በ1986ቱ ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለም ተብሏል። መዋጮ የሚባለው ወላጅ ተሰብስቦ፣ ተነጋግሮ፣ ወዶ የሚሰጠው ነው፤ በብር ቢያቅተው በጉልበት ወይም በቁሳቁስ ያግዛል። ችግሩ ውሳኔው ሠላሳ ሰው በተገኘበት ስብሰባ ይተላለፍና ላልመጣው ሺህ ወላጅ ግዴታ ሆኖ መድረሱ ላይ ነው። «ካልከፈለ አይመዘገብም» የሚል ቃል ከተሰማ ነገሩ መዋጮነቱ ቀርቷል። በአንጻሩ ደግሞ «መንግሥት ይሥራው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠውም ወላጅ እውነቱን ይወቅ፤ በ2015 ዓ.ም «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ የተጀመረው የትምህርት ቤት ግንባታና ጥገና ያለ ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት የሚታሰብ አልነበረም።

ሒሳብን በአደባባይ ማሳየት ምን ያህል እንደሚሠራ ኡጋንዳ ታሳያለች። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከላከው የድጎማ ገንዘብ በአማካይ 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር ትምህርት ቤቶቹ የደረሰው። ሌላው በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቀረ። ከዚያ መንግሥት የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ማስታወቅ ጀመረ፤ በ2001 እ.ኤ.አ ከ80 በመቶ በላይ ይደርስ እንደነበር ተጠንቷል። ሌሎች ለውጦችም ስለነበሩ ሁሉንም ለጋዜጣው መስጠት አይገባ ይሆናል። ሆኖም ምን ያህል እንደተላከለት የሚያውቅ ርዕሰ መምህርና ይህንኑ የሚያውቅ ወላጅ ባሉበት ገንዘብ መሰወር ይከብዳል።

እኛም ጋ ይህ ሕግ አለ። የድጎማው መመሪያ የመጣውንና የወጣውን ገንዘብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ ይላል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ አጠገብ ይሰቀላል፤ የፈተና ፕሮግራም፣ የአርፋጆች ስም፣ የጠፋ መታወቂያ ይለጠፍበታል። የሒሳቡ ወረቀት ካለ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ የወጪው ምክንያት፣ የብሩ መጠን፣ ቀሪ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናትና መስታወት በሌለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ክረምቱን አይዘልቅም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን መጠየቅ ይሻላል። ቃለ ጉባኤ ውስጥ የተገኙት ስምና ፊርማ፣ አጀንዳው፣ ውሳኔው ይሰፍራል። አንባቢ ወላጅ ሦስት ነገር ይይበት፦ የፈራሚው ቁጥር፣ ውሳኔው በቁጥር መጻፉን፣ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ምን እንደደረሰ መጠቀሱን። «የተለያዩ ጉዳዮች ላይ ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል» የሚል ቃለ ጉባኤ ምንም አልተጻፈበትም ማለት ይቻላል።

የአዊ ሕዝብ መደራጀት የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱን ከየወረዳው አሰባስቦ ጥር 23 ቀን እንጅባራን በፈረስ ያጥለቀልቃታል። የዚያ ሥርዓት ግማሹ ወደ ወላጆች ስብሰባ ቢመጣ ኮሚቴው ዛሬ እንዲህ አይላላም ነበር። ለነገሩ ጥር መጨረሻ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና የሚያልቅበት፣ የካርድ መስጫው የሚቃረብበት ጊዜ ነው፤ በበዓሉ ምክንያት ከተማ የገባ የገጠር ወላጅ የልጁን ውጤት ጠይቆ ቢመለስ ድካሙ ይቀልለት ነበር።

እዚህ አካባቢ ያለ ወመህ ሌላ ቦታ የሌለ ሥራም አለበት። አንዱ የቋንቋ ነው። በዞኑ አውንጊ በመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል፤ የእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ለዚሁ መምህራን ያሠለጥናል። ሆኖም «በኋላ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲዞር ልጄ ይቸገራል» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ አይጠፋም። ይህ ስጋት በሹክሹክታ ከሚቀር በስብሰባ ተነሥቶ መምህራኑ ቢመልሱት ይሻላል። ስብሰባው ራሱ በአማርኛ ብቻ ከተመራ አንድ እናት በሚቀላት ቋንቋ ሳትናገር ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ሌላው የከሰል ጉዳይ ነው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ «ዲከረንስ» የሚሉት ግራር እርሻውን ሸፍኖታል፤ ለብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያስገኝ ዛፍ ሆኗል። ሲቆረጥና ሲከሰል ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ የታዳጊ ልጅ ጉልበትም አይቀርለትም። መምህሩ መቅረቱን ይመዘግባል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን ጎረቤት የሆነው የወመህ አባል ነው። አባትየውን በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት አግኝቶ «ልጁን መልሰው እንጂ» ሊለው የሚችልም እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ስጋት የታወቀ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም በአዲስ አሰጣጥ ሲጀመር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ዝቅ አለ፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የ12ኛ ክፍሉ ውድቀት ደግሞ ከታች፣ ገና ማንበብ ሳይችል ክፍል ከተሻገረው ልጅ የሚጀምር ነው። አሁን 6ኛም 8ኛም ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለ ወላጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይጠብቅ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ማየት ይችላል። ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ፣ በየትኛው ትምህርት ወደቁ የሚለውን ርዕሰ መምህሩ ለወመህ ያቅርብ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት የት የት እንደከፋም እዚያው ይታያል።

በአማራ ክልል ከ2015 ነሐሴ ወዲህ የተፈጠረው ግጭት ደግሞ ይህን ሁሉ ጥያቄ ወደ ኋላ ገፍቶታል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለመመዝገብ አቅዶ ግማሹን እንኳ አላገኘም፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ቀሩ። ልጁ ቤት በዋለ ወላጅ ፊት ስለ ሣር ጨረታ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ማን ቀረ፣ ማን ተሰደደ፣ የትኛዋ ልጅ ተዳረች የሚለውን ቤት ለቤት ዞሮ የሚቆጥረው፣ ዴስኩና መጽሐፉ የት እንደገባ የሚያጣራው ከወመህ ሌላ ማንም የለም። መምህር ይዛወራል፣ ርዕሰ መምህር ይቀየራል፤ ወላጁ ግን የሰፈሩ ሰው ነው።

ቅሬታ ያለው ወላጅ በየት ይጀምር? በክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ቀጥሎ በርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ በወመህ ሰብሳቢ። እዚያ ካልተፈታ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከሱ በላይ የብሔረሰብ ዞኑ ትምህርት መምሪያ፤ መጨረሻው ባሕር ዳር ያለው ቢሮ ነው። ደረጃውን የዘለለ አቤቱታ «በወመህ ታይቷል ወይ?» ተብሎ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ለወመህ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ሁለት ቅጂ ይሁን፣ በአንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። ቅሬታው ስለ መዋጮ ከሆነ ደረሰኙም አብሮ ይያያዝ፤ ደረሰኝ ሳይቀበል የከፈለ ካለ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የመጀመሪያው አጀንዳ ተገኝቷል።