ጁፒተርን ከአፓርታማ ግቢ ፎቶ ማንሣት፤ የመጀመሪያው ሌሊት ለምን አይሳካም?

በገና ሰሞን ለልጆች ከሚገዙት ስጦታዎች አንዱ ቴሌስኮፕ ነው። ካርቶኑ ላይ ባለ ቀለበቱ ሳተርን ደምቆ ይታያል፤ «በመቶዎች እጥፍ ያጎላል» የሚል ጽሑፍም ይሰፍርበታል። ልጅ ይጓጓል፤ ወላጅ ከትርፍ ሰዓት ሥራው ቆጥቦ ይገዛል። በመጀመሪያው ምሽት የእጅ ስልክ ከሌንሱ ላይ ተደግኖ ፎቶ ይነሣል። የሚገኘው ግን እንደ ምስር ፍሬ ያለች፣ ዙሪያዋ የደበዘዘ ነጭ ነጥብ ናት። ቴሌስኮፑ ወደ ክሎዜት ይገባል፤ ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ይኸኛው ኪሳራ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳ ቢገኝ ኖሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ሊቀና ይችል ነበርና።

የከተማው መብራት አይከለክልም

ብዙ ሰው ሰማይን ለማየት ከከተማ ርቆ መውጣት ግድ ይመስለዋል። ይህ ደብዛዛ ለሆኑት ጋላክሲዎች እውነት ነው። ፕላኔቶች ግን ቅርብና ደማቅ ስለሆኑ የአትላንታ መብራት አይሸፍናቸውም። ጁፒተርን፣ ሳተርንን፣ ማርስንና ንጋት ላይ ስትወጣ «አጥቢያ ኮከብ» የምትባለውን ቬነስን ከክላርክስተን አፓርታማ ግቢም ሆነ ከቡፎርድ ሀይዌይ መኪና ማቆሚያ ማየት ይቻላል። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ፓርኪንግ የሚጠብቅ ሰው ስማቸውን ሳያውቅ ብዙ ጊዜ አይቷቸዋል።

አስቸጋሪው አየሩ ነው። ጁፒተር በጣም በቀረበበት ጊዜ እንኳ ከምድር ሲታይ ስፋቱ ከጨረቃ አርባ እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ አስፋልትና ጣሪያ ደግሞ ሙቀቱን ሌሊት ይተፋል። ከጋለ ምጣድ በላይ ያለው አየር እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ ከቴሌስኮፑ በላይ ያለውም አየር ይርገበገባል፤ ያቺን ትንሽ ምስል ያናውጣታል። አንድ ፎቶ የሚይዘው ያንን አንድ ንውጥውጥታ ነው።

ከሺህ ምስል ጥቂቱን መምረጥ

መፍትሔው አንድ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ማንሣት ነው። በሴኮንድ 30 ምስል የሚቀዳ ስልክ በሁለት ደቂቃ 3,600 ምስሎች ይሰበስባል። ከእነዚህ መካከል አየሩ ለቅጽበት የረጋባቸው ጥቂቶች አሉ። አውቶስታከርት የተባለው በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጠሩትን ይመርጥና አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል፤ ሬጂስታክስ የተባለው ደግሞ የተደረበውን ምስል ያጠራል። ያን ጊዜ የጁፒተር ቡናማ መቀነቶች ብቅ ይላሉ። ቪዲዮው ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጁፒተር ራሱን ዞሮ ለመጨረስ አሥር ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅበት መልኩ ቶሎ ይለወጣል።

ጀማሪ ሊያስታውሳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቴሌስኮፕ ሲገዛ ዋናው ነገር ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማጉላት ቁጥር ሳይሆን የሌንሱ ወይም የመስተዋቱ ስፋት ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ኢንች ለጅማሬ ይበቃል። መሣሪያው ከቤት ወጥቶ የውጪውን አየር እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቆይ። ከጨረቃ መጀመር ይቀላል። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ከሌንሱ ጋር በሚያጣብቅ ማሰሪያ ማሰር ይሻላል። ፕላኔቷ በስክሪኑ ላይ እንደ አምፖል ካበራች የስልኩን የብርሃን መጠን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መቀነቶቹ በነጩ ይዋጣሉ። ከሁሉ በላይ፣ ልዩ መከላከያ ያልተገጠመለትን ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ስለሚያጠፋ ልጆች ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ያደገው ልጅ

ከአትላንታ ብዙም በማትርቀው በናሽቪል፣ ቴነሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1857 የተወለደው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ አባቱን አላየም፤ ከመወለዱ በፊት ሞተዋል። በድህነት ምክንያት ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው በፎቶ ቤት ተቀጠረ። በወጣትነቱ ከደመወዙ አጠራቅሞ በ380 ዶላር ባለ አምስት ኢንች ቴሌስኮፕ ገዛ። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1892 በካሊፎርኒያው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ባለ 36 ኢንች ቴሌስኮፕ የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አገኘ። አራቱን ጋሊሊዮ በ1610 ካየ ወዲህ ሌላ አልተገኘም ነበር።

መስተዋቱ 36 ኢንች የሆነ ቴሌስኮፕ በአትላንታም አለ። በዲካብ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሥር ባለው ፈርንባንክ ሳይንስ ሴንተር ይገኛል። በአካባቢው ካለው ፈርንባንክ ሙዚየም ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል። ለሕዝብ የሚከፈትበትን ምሽት አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይበጃል። በዲኬተር የአግነስ ስኮት ኮሌጅ ብራድሊ ኦብዘርቫቶሪም 30 ኢንች ቴሌስኮፕ አለው። ልጅን ከመግዛት በፊት አንድ ምሽት ወስዶ ማሳየት ገንዘብም ተስፋም ያድናል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ወላጅ ካለ ሁለት ነገር ይስማ። እንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ ኮከብና ለአንዲት ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ በኢትዮጵያ በኩል ኮከቡ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትሽከረከረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። አቦል እጅግ ሩቅ ስለሆነች በቤት ቴሌስኮፕ አትታይም፤ ስሟ ግን በዓለም መዝገብ ሰፍሯል።

ስሙ ለጀማሪ ጥሩ ምክር ይዟል። አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ቶናውም በረካውም ይቀርበታል። የመጀመሪያዋ የደበዘዘች ነጥብ አቦል ናት። ቀጥሎ ጥርት ያለና ነፋሱ የረጋ ምሽት ሲገኝ፣ ቴሌስኮፑ ከክሎዜት ወጥቶ ይቀዝቅዝ፤ ልጁም ከስልኩ ጋር ይጠራ።